ጓደኛዎ የአልባሳት ጭብጥ ያለው ሠርግ ሲደግስ፦ ከግብዣው እስከ ባችለር ጉዞውና እስከ ሠርጉ ማግስት

የቅርብ ጓደኛዎ ሠርጉን በተለመደው ሱፍና ቬሎ ሳይሆን እንግዳው ሁሉ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ልብ ወለድ ዓለም ሰው መስሎ በሚገኝበት ጭብጥ ሊያደርገው ወስኖ፣ ከዚያም በፊት ከጓደኞቹ ጋር ለጥቂት ቀናት የሚሄድበትን የባችለር ጉዞ አቅዶ በሁለቱም ላይ ከጠራዎት፣ ጥሪው ከተለመደው ሠርግ የሚበልጥ ዝግጅት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ዝግጅቱን ልብስ ማግኘት ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የጭብጥ ሠርግ ጥሩ እንግዳ የምለው የተጠየቀውን በሚገባ ለብሶ፣ ከቃል ኪዳኑ እስከ ጭፈራው መጨረሻ ድረስ ስለለበሰው ነገር ማሰብ የማያስፈልገውን ሰው ነው። የሚያሳክከው፣ የሚጠበው፣ የሚወልቅበት ወይም የሚያሳፍረው ልብስ የለበሰ እንግዳ በሠርጉ ላይ በአካል ቢገኝም ልቡ ከልብሱ ጋር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሠሩት ያንን ጭንቀት ከሠርጉ ዕለት በፊት ለመጨረስ ነው።

መጀመሪያ ጭብጡን ይረዱ

ግብዣው እንደደረሰዎት ልብስ ከመፈለግዎ በፊት ይጠይቁ። «የመካከለኛው ዘመን»፣ «የ1920ዎቹ ምሽት» ወይም «የተረት ዓለም» የሚሉ ቃላት በሁለት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ሥዕል ይፈጥራሉ፤ አንዱ ታሪክን ተከትሎ በጥንቃቄ የተሰፋ ልብስ ሲያስብ ለሌላው የሚታየው ለጨዋታ የሚደፋ የወረቀት ዘውድ ነው። ሙሽሮቹ ከእንግዶቻቸው የሚጠብቁት ከራስ እስከ እግር የተሟላ አለባበስ፣ በተለመደ የክት ልብስ ላይ የሚታከል አንድ ምልክት ወይስ የተወሰነ ቀለም ብቻ መሆኑን በግልጽ ይወቁ። መልሱን ከዋናው ሚዜ ወይም ዝግጅቱን ከሚያስተባብረው ሰው ማግኘት ከተቻለ ሙሽሮቹን ባያስቸግሩ ይሻላል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከእንግዳ ሁሉ ይጎርፍላቸዋልና።

ቀጥሎ ሙሽሮቹ ራሳቸው ምን እንደሚለብሱ ይጠይቁ። ምስጢር አድርገው ከያዙት ደግሞ ቢያንስ የትኛውን ቀለምና የትኛውን ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው እንዲለብሰው እንደማይፈልጉ ይነግሩዎታል። በዚህ ላይ የተለመደው ግምት ሊያሳስት ይችላል። ነጭ የሙሽሪት ቀለም ነው የሚለው አስተሳሰብ በአውሮፓ በስፋት የተለመደው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ቀሚስ ለብሰው ካገቡ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ብዙ ሙሽሮች ባላቸው ምርጥ ቀሚስ፣ በቀይም ሆነ በሰማያዊ፣ ያገቡ ነበር። ስለዚህ ጭብጡ የቀደመ ዘመን ከሆነ ለሙሽሪት የተጠበቀው ቀለም እርስዎ ከገመቱት ውጭ ሊሆን ይችላል።

ቦታውንም ይወቁ። ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው በጸሎት ቤት ከሆነ ለራስ መሸፈኛ፣ ለትከሻና ለጭምብል የራሱ ሥርዓት ሊኖረው ይችላል፤ በአሸዋ ወይም በሣር ላይ ከሆነ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ይሰምጣል፤ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት አዳራሽ ከሆነ ሰፊ ቀሚስና ረጅም ካባ ያስቸግራሉ። በሥነ ሥርዓቱና በምሽቱ ግብዣ መካከል ልብስ የሚቀየርበት ሰዓትና ክፍል መኖሩም ምርጫዎን በእጅጉ ይለውጠዋል።

ጭብጡ ከእምነትዎ፣ ከጤናዎ ወይም ከአቅምዎ ጋር የማይስማማ ሆኖ ካገኙት ለጓደኛዎ ለብቻው፣ በጊዜና ከአማራጭ ጋር ይንገሩት። «ይህን ልለብስ አልችልም፤ ነገር ግን በዚህ ቀለም የተሰፋ ቀላል ልብስ ለብሼ ብመጣ ደስ ይልሃል?» የሚል ጓደኛ ሙሽራውን አያስከፋም። ምንም ሳይናገር በዕለቱ በተራ ልብስ የሚመጣ ግን ጭብጡን እንደናቀ ተደርጎ ይታያል፤ ይህም ባይሆን መልካም ነው።

ገንዘቡን ሁለቱንም አንድ ላይ ያስሉ

የጭብጥ ሠርግና የባችለር ጉዞ ወጪ ለየብቻ ሲታይ የሚቻል መስሎ አንድ ላይ ሲደመር የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ መጓጓዣውን፣ ማደሪያውን፣ ከሙሽራው ወጪ የሚደርስዎትን ድርሻ፣ ልብሱን ከነጫማውና ከነፀጉሩ፣ ስጦታውን፣ ከሥራ የሚቀሩባቸውን ቀናት ይጻፉ፤ ለማይታሰብ ነገርም ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይጨምሩበት። ከዚያ የመጨረሻ አቅምዎን ለአስተባባሪው ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይንገሩ። «እስከዚህ መጠን መካፈል እችላለሁ፤ ከዚህ ካለፈ በሠርጉ ላይ እገኛለሁ እንጂ በጉዞው አልሳተፍም» ማለት የሚያሳፍር አይደለም፤ ትኬት ከተገዛና ክፍል ከተያዘ በኋላ መቅረት ግን የሌሎቹን ድርሻ ያንረዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ሠርጉን ይምረጡ። ጉዞው የቱንም ያህል ቢያምር የጓደኛዎ ሕይወት የሚለወጥበት ቀን ሠርጉ ነው።

አስተባባሪው እርስዎ ከሆኑ የእያንዳንዱን ሰው አቅም በግል ይጠይቁ፣ ዕቅዱንም ዝቅተኛው አቅም ላይ ይሥሩ። የሙሽራውን ወጪ ሌሎቹ ይሸፍኑ እንደሆነና እንዳልሆነም ገና ከመጀመሪያው ይነገር። ሰው ክፍያውን ሳይልክ በስሙ ቦታ መያዝ በኋላ ጓደኝነት የሚያሻክር ዕዳ ይፈጥራል።

ልብሱን መምረጥ

አንድን ዘመን ከሩቅ የሚያሳውቀው የልብሱ አጠቃላይ ቅርጽ ነው፤ ከዚያ ጨርቁ ይመጣል፣ ጌጡና ዝርዝሩ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው ከጌጡ ይጀምርና ገንዘቡን ጨርሶም ያሰበውን አይመስልም። የ1920ዎቹን የሴት ቀሚስ የሚለየው የወገቡ መስመር ወደ ዳሌ ወርዶ ቀጥ ብሎ መውደቁ እንጂ የላባው ጌጥ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ የነበረው የአውሮፓ ቀሚስ ደግሞ ወገቡ ከጡት ሥር ጀምሮ ወደ ታች ይፈስሳል። የጥንት ሮማውያን ቶጋ ተራ አንሶላ አልነበረም፤ ከውስጥ በተለበሰ ቱኒክ (ቀጥ ያለ እንደ ረጅም ሸሚዝ ያለ ልብስ) ላይ በግራ ትከሻ ተደርጎ የሚጠመጠም፣ ክብ ጠርዝ ያለው ሰፊ የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ የተከበረች ሮማዊት ሴት የምትለብሰውም ቶጋ ሳይሆን ስቶላ የሚባል ረጅም ቀሚስ ነው። በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ሰው ከውስጥ ሊነን (ከተልባ ተክል የሚሠራ ጨርቅ)፣ ከላይ ሱፍ ይለብስ ነበር፤ ይህን ብቻ አውቆ በሁለት ቀለም የተሰፋ ቀላል ቱኒክና የቆዳ ቀበቶ ያደረገ እንግዳ በሚያብለጨልጭ ፖሊስተር የነገሥታት ካባ ከለበሰው ይልቅ የዘመኑን ሰው ይመስላል።

ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ዘመኑን የሚያጋልጡትን ነገሮች ያስወግዱ ወይም ይደብቁ። የዛሬው ዓይነት ዚፕ በጊዲዮን ሰንድባክ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን በተራ ልብስ ላይ በስፋት የገባው በ1930ዎቹ ነው፤ ቬልክሮ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1955 ነው፤ ናይለን የተፈጠረው በ1935 ነው። የእጅ ሰዓት በወንዶች ዘንድ የተለመደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስለሆነ ከዚያ በፊት ላለ ዘመን የኪስ ሰዓት ይስማማል፤ ለመካከለኛው ዘመን ደግሞ የኪስ ሰዓትም አይሆንም። ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ለተራው ሰው በርካሽ የደረሰው ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የጨርቅ ማቅለሚያ ካገኘ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ዚፕ የሌለው ልብስ ይልበሱ ለማለት አይደለም። ዚፕና ቬልክሮ ልብሱን ቶሎ ለመልበስና ለማውለቅ ስለሚረዱ ይጠቀሙባቸው፤ ብቻ በስፌቱ እጥፋት ወይም በተደራቢ ጨርቅ ሥር ይሸሸጉ።

ጭብጡ ልብ ወለድ ከሆነ ገጸ ባሕርይውን የሚያሳውቁ ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶችን ለይተው ኃይልዎን በእነርሱ ላይ ያውሉ። ማን እንደሆኑ ምሽቱን ሙሉ ማስረዳት የሚጠይቅ ምርጫ ከጓደኛዎ ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ ስለሚሻማ ሌላ ይፈልጉ።

የማይለበስ ነገርም አለ። ሌላ ዘር ለመምሰል ቆዳን በቀለም ማጥቆር ወይም ማቅላት፣ የአንድን እምነት የተቀደሰ ልብስ ለጨዋታ መልበስ፣ ያልተሸለሙትን እውነተኛ የጦር ሜዳይ ማንጠልጠል፣ የእልቂት ሰለባዎችን ወይም ፈጻሚዎችን መምሰል በሠርግ ላይ ቀርቶ በየትም ሰውን ያቆስላል፤ ሙሽሮቹም በፎቶው ለዘለዓለም ይኖሩበታል። የዛሬ ፖሊስ የደንብ ልብስ በብዙ አገር ለተራ ሰው በሕግ የተከለከለ ነው። ከዚህ ውጭ መጠንን መጠበቅ ይገባል፤ መተላለፊያ የሚዘጋ ክንፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ከሙሽሪት ቀሚስ የሚረዝም ጅራት የዕለቱን ባለቤቶች ይጋርዳል።

መከራየት፣ መግዛት ወይስ ማሰፋት

በቂ ጊዜ ካለ፣ ማለትም ሦስት ወር ገደማ ከቀረ፣ ለልብስ ሰፊ ሥዕል አሳይቶ ማሰፋት በልክ የሚቀመጥ ልብስ ያስገኛል፤ ለሁለት ልኬት የሚሆን ቀን ከሠርጉ በፊት ይተዉ። መከራየት ደግሞ ዳግመኛ ለማይለብሱት ከባድ ልብስ ተገቢ ሲሆን፣ ለመያዣ የሚቀመጠውን ገንዘብ፣ የማጠቢያውን ኃላፊነት፣ ለዘገየ ቀን የሚከፈለውንና ማሳጠር ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይያዙ። ሦስተኛው መንገድ፣ እኔ አዘውትሬ የምመክረው፣ ያገለገለ ልብስ ገዝቶ መለወጥ ነው። ረጅም ካፖርት ቁልፎቹ ሲቀየሩና አንገቱ ሲነሣ ሌላ ዘመን ይገባል።

ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ጨርቁን ይወቁ። ጥጥና ሊነን ማንኛውንም ተራ ማቅለሚያ ሲቀበሉ ፖሊስተር ግን ለእርሱ የተዘጋጀ ልዩ ማቅለሚያና ለመፍላት የተቃረበ ውሃ ካላገኘ ቀለም አይዝም። ጥሩርና የራስ ቁር የሚመስሉ ነገሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ኢቪኤ ከሚባለው ፎም ነው፤ ፎሙ ሲሞቅ ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ቀዳዳዎቹ በመሸፈኛ ቅብ መዘጋት አለባቸው። ማጣበቂያውና ሙቀቱ የሚያወጡት ጭስ ጎጂ ስለሆነ ይህን ሥራ መስኮት ከፍቶ፣ ቢቻል ውጭ ሆኖ መሥራት ያስፈልጋል።

ልብሱን ኑረውበት ይፈትኑት

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ልብሱን ከጫማው፣ ከፀጉሩና ከጌጡ ጋር ሙሉ በሙሉ ለብሰው ቤት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ይቀመጡ፣ ደረጃ ይውጡ፣ እጅዎን ከራስዎ በላይ ያንሱ፣ ይብሉ፣ ይጨፍሩ፣ ያለ ሰው ርዳታ ሽንት ቤት ይግቡ፣ አንድ ሰው አጥብቀው ይቀፉ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጓደኛዎን በሠርጉ ዕለት ለማቀፍ የማያስችል የትከሻ ጥሩር ቢቀር ይሻላል። በዚህ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት ሁሉ ለመጠገን ጊዜ አለው። አዲስ ጫማ ካለም በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት እየተረገጠ ይላመድ።

ጭምብል የጎን እይታን ስለሚቀንስ በደረጃና በጨለማ አደገኛ ነው፤ ጭምብል አድርጎ መኪና መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ከጭምብሉ ሥር መግባቱን ይፈትሹ። ስልክ፣ ገንዘብና መታወቂያ የሚገቡበት ኪስ ከሌለው በገበሩ ላይ ያሰፉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦርሳ መጠበቅ አድካሚ ነው። ልብሱ የሚያሞቅ ከሆነም ከሥሩ ላብ የሚመጥ ቀጭን ካናቴራ ይልበሱ፣ ውሃም በየጊዜው ይጠጡ። ራስ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ከተሰማዎት ሰውነትዎ ከአቅሙ በላይ ሞቋል ማለት ነው፤ ወዲያው ከባዱን አውልቀው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይውጡ።

ቆዳ፣ ዓይንና እሳት

የፊት ቀለምና ማጣበቂያ ከሠርጉ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ በጥቂቱ ይሞከር። ማሳከክ ወይም መቅላት ከታየ አይጠቀሙበት። ለፊት የሚሆነው ብልጭልጭ ለመዋቢያነት የተዘጋጀው ብቻ ነው፤ ለወረቀት ሥራ የሚሸጠው ስለታም ጠርዝ ስላለው ዓይን ውስጥ ሲገባ ብሌን ይፋቃል። ለመልክ ብቻ የሚደረግ ባለቀለም ኮንታክት ሌንስም ያለ ዓይን ሐኪም ልኬት አይደረግም፤ የማይመጥን ሌንስ የዓይን ብሌን ቁስለትና ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል። በአሜሪካ ከ2005 ጀምሮ ማንኛውም ኮንታክት ሌንስ፣ የማስዋቢያውም ጭምር፣ እንደ ሕክምና መሣሪያ ተቆጥሮ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሻማና ችቦ ባለበት ሠርግ ላይ የሚንጠለጠል እጅጌ ትልቅ አደጋ ነው። ጥጥና ሊነን ቶሎ ይቀጣጠላሉ፤ ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም፣ እሳቱ ሲርቅም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ሰው ሠራሽ ዊግና ላባም ከነበልባል ይራቁ።

የባችለር ጉዞው

ቀኑን ከሠርጉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድሞ ማድረግ ይበጃል። በዋዜማው የሚደረግ ጉዞ ሙሽራውን ደክሞና እንቅልፍ አጥቶ ያስገባዋል፤ የዘገየ አውሮፕላን ደግሞ ሠርጉን ራሱን ሊያስተጓጉል ይችላል። መድረሻው ከመመረጡ በፊት አስተባባሪው ሙሽራውን ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቀው፦ በእርግጥ የሚፈልገው ምንድን ነው? በእርግጥ የማይፈልገውስ? ለሠርጉ ያልተለመደ ጭብጥ የመረጠ ሰው ለጉዞውም የተለመደውን የመጠጥ ሌሊት ላይፈልግ ይችላል፤ ተራራ መውጣት፣ ዓሣ ማጥመድ ወይም በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሲጫወቱ ማንጋት ሊያስደስተው ይችላል። ከዚያ ውጭ የሚመጣ ድንገተኛ «ስጦታ» የማይፈልገውን እንዳይነካ ሚዜው ይጠብቅ።

ሰነዶችን በተመለከተ ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ለሸንገን አገሮች ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን 15 ቀን ሲቀረው ማመልከት ይኖርበታል። በቡድን ሲኬድ የሁሉም ዜግነት አንድ ላይሆን ስለሚችል ለአንዱ ቪዛ የማያስፈልግ መሆኑ ለሌላው ዋስትና አይደለም፤ መድረሻው ከመወሰኑ በፊት ይህን ማጣራት የማይመች ጥያቄ ቢመስልም አንድ ጓደኛ ተለይቶ እንዳይቀር ያደርጋል። የጉዞ መድን ሲገዛ የታቀደው ስፖርት መሸፈኑ ይነበብ። በአየር ጋን እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ካሉ በተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ስላለባቸው የመጨረሻው ቀን ለየብስ ይተው።

ማደሪያ ሲያዝ የባችለር ቡድን መሆናችሁን አትደብቁ። አንዳንድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ቡድን አይቀበሉም፤ በር ላይ ተመልሶ ከመቅረት አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ቶሎ የሚተኙትንና የሚያመሹትን በተለያየ ክፍል ይመድቡ። በቀን አንድ የጋራ ዋና ነገር ካለ ይበቃል፤ ከጠዋት እስከ ሌሊት የተሞላ ዕቅድ ሰዎችን አድክሞ ያጣላል። የጋራ ወጪውን አንድ ሰው በየዕለቱ ይመዝግብ፤ ሒሳቡም ከመለያየታችሁ በፊት ይዘጋ።

መጠጥን በተመለከተ የማይጠጣ ሰው እንዳይገለል ዕቅዱ በመጠጥ ዙሪያ ብቻ አይሁን። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ አልኮልን ከደም አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያሽከረክረው ሰው ጨርሶ የማይጠጣ ይሁን፣ የጠጣም ሰው ውሃ ውስጥ አይግባ። ሙሽራውን በግድ ማጠጣት፣ ፀጉሩን መላጨት፣ ንቅሳት ማስነቀስ፣ አሳፋሪ ፎቶ ማንሳት ከሠርጉ ቀን ያለፈ ጠባሳ ያስቀራል። ሙሽሪት ኋላ ስትሰማው የምታዝንበት ነገር ከሆነ በጉዞው ላይ አይደረግ።

በጉዞው ላይ ጭብጡን የሚመስል ልብስ ለብሶ ከተማ መውጣት ከታሰበ የአገሩ ሕግ ይታወቅ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥታ ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ በአደባባይ ፊትን መሸፈን ይከለክላል፤ ለበዓላትና ለኪነ ጥበብ ዝግጅቶች የተለየ ፈቃድ ቢኖርም ለመንገድ ላይ ጨዋታ አይደለም። በባርቤዶስ፣ በጃማይካና በትሪኒዳድና ቶቤጎ የወታደር ዝንጉርጉር ልብስ ለሲቪል ሰው፣ ለሕፃን እንኳ፣ የተከለከለ ነው። ሽጉጥ ወይም ሰይፍ የሚመስል መጫወቻ በአደባባይ መያዝ በየትም አገር ፖሊስ ሊያስጠራ ይችላል።

ስለ ጉዞው ብዙ የሚነገረው ስለ ጨዋታው ነው። እኔ ግን በሕይወቱ ትልቁን ውሳኔ ሊፈጽም የተቃረበ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ለብቻው የሚሆንበት የመጨረሻው ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ይገባል እላለሁ። ደስታው ውስጥ ፍርሃት፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ኃላፊነት ያለ ጭንቀት ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል። አብረውት የሚራመዱበት ወይም ሌሎቹ ሲተኙ አብረውት የሚቀመጡበት ሰዓት ያግኙ፤ ከጠየቁትና ካዳመጡት ይናገራል። የነገረዎትም እዚያው ይቅር።

ልብሱን ይዞ መጓዝ

ሠርጉ ራቅ ባለ ቦታ ከሆነ የማይተካውን ነገር በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። መብራት ላላቸው አልባሳት የሚሆነው ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ሲሆን፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 ያለው ደግሞ በአየር መንገዱ ፈቃድ ያልፋል። በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) በቮልቱ አባዝተው ለ1000 ቢያካፍሉ ዋት ሰዓቱን ያገኛሉ፤ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት ነው። የፊት ቀለምና የፀጉር ስፕሬይ በእጅ ሻንጣ በአብዛኛው አየር ማረፊያ ከ100 ሚሊሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። የቀለም ስፕሬይና የሚቀጣጠል ማጣበቂያ በሁለቱም ሻንጣ ስለማይፈቀድ መድረሻው ላይ ይገዛ። የመጫወቻ መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አይግባ፤ በሚጫነው ሻንጣም ቢሆን አየር መንገዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ልብሱን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከማጠፍ ያነሰ ይጨማደዳል፤ ባርኔጣ ውስጡ በካልሲ ተሞልቶ ይጫን።

የሠርጉ ዕለት

ከተለመደው ሁለት እጥፍ ጊዜ ለአለባበሱ ይመድቡ። በትንሽ ከረጢት መርፌና ክር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፎች፣ በሁለት ወገን የሚያጣብቅ ፕላስተር፣ የቁስል ፕላስተር፣ እርጥብ መጥረጊያና ንጹሕ ቲሸርት ይያዙ፤ የሚጠቅሙት ለእርስዎ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሜካፑ ሳይፈስስና ፀጉሩ ሳይበላሽ መነሳት ያለባቸው ፎቶዎች ስለሚቀድሙም ከግማሽ ሰዓት በፊት ይድረሱ።

ቃል ኪዳኑ ሲጀመር ጭምብል ይወለቅ፣ ከኋላ ያለውን የሚጋርድ ባርኔጣ ይውረድ፣ መብራቱ ይጥፋ፣ ሰይፍና በትር ከጥግ ይቀመጡ። ሙሽሮቹ ምንም ቢለብሱ የሚናገሩት ቃል እውነተኛ ነው፤ በዚያ ሰዓት በገጸ ባሕርይዎ ድምፅ መጮህ ወይም መሳቅ አይገባም። ለፊርማ ምስክር ከሆኑ መታወቂያ ይያዙ፣ ፊትዎም ከመታወቂያው ፎቶ ጋር ሊመሳከር የሚችል ይሁን። ንግግር ካለዎት ስለ ጭብጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው ቶሎ ወደ ጓደኛዎ ይሂዱ፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በቂ ነው።

በእንዲህ ያለ ሠርግ ላይ ነገሩ ያልገባቸው ወይም ቅር ያላቸው ሽማግሌዎች ይኖራሉ። የቅርብ ጓደኛ ሊሠራው የሚችለው ትልቅ ሥራ ከእነርሱ አጠገብ ተቀምጦ ማጫወት፣ ልጆቻቸው ይህን የመረጡት ሠርጉን ለማቃለል ሳይሆን የሚወዱትን ነገር ከሚወዱት ሰው ጋር ለመካፈል መሆኑን በአክብሮት ማስረዳት ነው። ሙሽሮቹ በዚያ ቀን ይህን ለማድረግ ጊዜ የላቸውም። ያለ ጭብጡ ልብስ የመጣ እንግዳ ካዩም አያሳፍሩት፤ አንድ ትርፍ ጌጥ ወይም መቀነት ይዘው ቢመጡና «ይህን ብታደርገው ያምርብሃል» ቢሉት ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ሕፃናት ጭምብል ይፈራሉና ወደ እነርሱ ሲቀርቡ ፊትዎን ያሳዩ።

ፎቶ ማንሳት ቢፈቀድም ሙሽሮቹ የራሳቸውን ሳያወጡ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ። ልብሳቸውን ለወራት ደብቀው የቆዩት በእርስዎ ስልክ ሊገለጥ አይደለም።

ከሠርጉ በኋላ

የፊት ቀለም በዘይት ወይም በማስለቀቂያ ክሬም በቀስታ ይለቅ፤ በሳሙና መፈግፈግ ቆዳን ያቆስላል። የተከራዩት ልብስ በተባለው ቀን ይመለስ፣ የተቀደደም ካለ ሳይደበቅ ይነገር። የራስዎ ልብስ ሱፍ ወይም ሐር ከሆነ በሙቅ ውሃ አይታጠብ። ከጉዞው የቀረ ሒሳብ ካለም ሙሽሮቹ ሳይሰሙት በአስተባባሪው በኩል ይዘጋ።

ያነሷቸውን ፎቶዎች በሳምንት ጊዜ ውስጥ መርጠው ለሙሽሮቹ ይላኩ፤ የመልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች የፎቶን ጥራት ስለሚቀንሱ ዋናውን ፋይል በኢሜይል ወይም በጋራ ማከማቻ መላክ ይሻላል። የተቀጠረው ፎቶ አንሺ በአብዛኛው ሙሽሮቹን ይከተላልና፣ አያቶቻቸው በጭብጡ ልብስ ሲስቁ ወይም ከሩቅ የመጣ ጓደኛ ሲጨፍር ያነሱት ካለ ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ያስገቡ።